የሳቅ ነው፣ የለቅሶ ነው ወይስ የሽጉጥ?

ካሳሁን መሞቱን የሰማሁት ሥራ ቦታ ሆኜ፣ የሆቴል አንሶላ ሳጣጥፍ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ስልኩን አቀበለችኝ። ደዋዩ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ወርቁ ነበሩ። ጋሽ ወርቁ ክፉ ወሬ በስልክ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌና ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ ነው ብለው የሚያምኑ፣ ቶሮንቶ መጥተውም ይህን ወግ ያልለቀቁ ናቸው። የዚያን ቀን ግን አልቻሉም። "ትርሲት፣ ካሳሁንን አጣነው" አሉኝ። ከሚሠራበት ፍራሽ ፋብሪካ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና በረዶ ላይ ተንሸራቶ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን በቅጡ አልሰማሁም፤ የመጨረሻውን ብቻ ሰማሁ።

"ለእትዬ አስካለስ ማን ይነግራቸዋል?"

ሰው ሲሞት ሐዘን ነው መቅደም ያለበት። እኔ ግን መጀመሪያ አፈርኩ። እትዬ አስካለ ፊት፣ መርዶ ይዘን፣ ሁለተኛ ጊዜ ልንቆም ነው ብዬ ሳስብ ፊቴ ጋለ። አንሶላውን አጣጥፌ መልሼ ፈታሁት፤ ሱፐርቫይዘሬ ወደ ቤት ሂጂ ብላ እስክትገፋኝ ድረስ እዚያው ቆሜ ነበር።

ሦስታችንም ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል የቶሮንቶ ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ ነበር የምንኖረው፤ እኔ፣ እትዬ አስካለና ካሳሁን። ካሳሁንን ሕንፃው በሙሉ "ሜክሲኮ" ይለዋል። አዲስ የመጣ አበሻ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ያደገ ይመስለውና ስለ ሰፈር ልጆች ይጠይቀዋል። እሱ ግን የአዲስ አበባውን ሜክሲኮ በወጉ አያውቀውም፤ የእውነተኛዋን ሜክሲኮ አፈርም ረግጦ አያውቅም። እናቱ ሲወለድ፣ አባቱ በሶማሊያ ጦርነት ሞቱበት። ገና ልጅ ሳለ ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር በመርከብ ተጭኖ ኩባ ሄደና እዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የቆዩ የሜክሲኮ ፊልሞች ያሳዩአቸው ነበር።

"እናት ምን እንደምትመስል ያየሁት እዚያ ነው" ይል ነበር፤ እንዲህ ሲል አይቀልድም። "እናት ማለት ጥቁር ሻርፕ የለበሰች፣ መስኮት ጋ የቆመች ሴት ናት። ልጇ ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች።"

ለእሱ ፊልም ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ የሳቅ፣ የለቅሶና የሽጉጥ። ኑሮም ያው ነው። ስልክ ደውላችሁ "ካሳሁን፣ እስቲ ብቅ በል" ካላችሁት ሰላምታ ሳይሰጥ "የሳቅ ነው፣ የለቅሶ ነው ወይስ የሽጉጥ?" ብሎ ይጠይቃል። የእቃ ማጠቢያዬ ቧንቧ ፈንድቶ ወጥ ቤቴ ሲጥለቀለቅ የሳቅ ነው አለኝ። የሕንፃው አስተዳደር ማሞቂያውን ቆልፎ ሲያንዘፈዝፈን የሽጉጥ አለው። ሠርግ ግን ምንጊዜም የለቅሶ ነበር፤ ለምን ስለው "የእናትየዋን ፊት አይተሽ አታውቂም?" ብሎ እኔኑ ይወቅሰኛል።

እውነቱን ልናገርና ካሳሁን ያሳፍረኝ ነበር። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ባስ ውስጥ አጠገቤ ከተቀመጠ የሳምንቱን ፊልም ይተርክልኛል፤ መተረክ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ይጫወተዋል እንጂ! ወንበዴውን በወፍራም ድምፅ፣ ዘፋኟን በቀጭን፣ ድሃውን ለፍላፊ ትንፋሽ እስኪያጥረው። እናትየዋ ጋ ሲደርስ ያለቅሳል፤ ሰው መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ። ፈረንጆቹ ጋዜጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እኔ ደወሉን ተጭኜ ከቤቴ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርድና በዚያ ብርድ እግሬን እየጎተትኩ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ፖሊሶች ሰው ፈልገው ሕንፃችን ሲመጡ፣ ሊፍቱ ተከፍቶ ካሳሁን ወተት እንደያዘ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ማንም ምንም ሳይለው ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ወተቱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ፖሊሱ ራሱ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀው። እኛ ለወር ያህል ስቀንበታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን የሚያሳፍረኝን ሰው ለመስማት ደረጃውን በሩጫ ነበር የምወጣው።

እትዬ አስካለ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በሱዳን በኩል የመጡ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸውን ሰለሞንን አዲስ አበባ እህታቸው ዘንድ ትተው፣ ስፖንሰር አድርገው ሊያመጡት ደጅ ይጠኑ ነበር። ክፍሉን አዘጋጅተውለታል፤ አልጋው ተነጥፏል። የእንግሊዝኛ ፊልም አይወዱም። "ሲጣሉም ሲታረቁም ፊታቸው አንድ ነው" ይላሉ። ካሳሁን ከአንድ የላቲን አሜሪካኖች ሱቅ የሜክሲኮ ፊልም ተከራይቶ ያመጣላቸው ቀን ግን ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳቡ። "እነዚህስ ሰዎች ናቸው!" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የሕንፃው ሴቶች እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። ቆሎ፣ ቺፕስ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ካሳሁን ምንጣፉ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ይቀመጣል። ፊልሙን በጆሮው እየሰማ በአማርኛ ያስተረጉምልናል። ፖሊሱ ሲዋሽ "አትመኑት" ይለናል። ጭምብል ያጠለቀው የነፃ ትግል ተጫዋች ወንበዴዎቹን በጥፊ ሲያጋጫቸው እሱም ከትራሱ ጋር ይታገላል። አንድ ሰው ሊሞት ሲል ደግሞ አፍንጫው ቀድሞ ይቀላል፤ እኛም አፍንጫውን አይተን መሐረብ እናወጣለን። እትዬ አስካለ ከፊልሟ እናት ጋር ያወራሉ፤ "ተይው አንቺ፣ ራሱ ተመልሶ ይመጣል" እያሉ ይመክሯታል። ልጁም ሁልጊዜ ይመለሳል። አምፆ በወጣበት በር ፊት ይንበረከክና እናቱን ይቅርታ ይጠይቃል። እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ወደተነጠፈው አልጋ ክፍል ዞር ብለው ሳያዩ አይቀሩም።

እንዲህ ሆነን ሳለ እትዬ አስካለ የዓይን ሞራቸው ተገፈፈ። ሆስፒታል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ ጎንበስ እንዳይሉ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ ነገረን። አንዱ ዓይን ተሸፈነ፤ ሌላው ድሮም ደካማ ነው። ቤት በገቡ በዚያው ሳምንት ሰለሞን በአጭር ሕመም መሞቱ ተሰማ። እህታቸው የደወሉት ለጋሽ ወርቁ ነበር።

ጋሽ ወርቁ ቤት ተሰብስበን መከርን። ለሐኪሙ ትእዛዝ ማንም ያላለውን ጨመርንበት፤ ዕንባ ለዓይናቸው መርዝ ነው አልን። ዓይናቸው እስኪድን ይደበቅ ተባለ። ሁላችንም ተስማማን፤ እኔም። ካሳሁን ብቻ ተነሳ።

"እናት ናቸው እኮ" አለ። "መስኮቱ ጋ ቆመዋል።"

"አንተ ያደግኸው ኩባ ነው" አሉት ጋሽ ወርቁ። ክፋት አስበው አይደለም። "የእኛን ወግ አታውቀውም፤ ለዚህስ ለእኛ ተወው።"

ካሳሁን ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ቅዳሜው እንዳይቀር፣ ከቀረ እንደሚጠረጥሩ ተናገርኩ። "ብቻ አደራ፣ የሳቅ አምጣ" አልኩት።

አመጣ። የካሴቱ ካርቶን ላይ አህያ የጋለበ ወፍራም ሰውዬ አለ። ሱቁ ውስጥ ግን ካሴት ተቀያይሮ ኖሯል፤ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ፊልም ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ አልገባንም። ዘፈን አለ፣ ጭፈራ አለ፣ አንድ ወጣት እናቱን ስሞ ከጓደኞቹ ጋር በፈረስ ይወጣል። የካሳሁን አፍንጫ ግን ቀላ። ልጅ እያለ ያየው ፊልም ነው።

"ካሴቱ ሳይበላሽ አልቀረም" ብሎ እጁን ወደ ማጥፊያው ዘረጋ።

"ምን ተበላሸ? ሲዘፍኑ እሰማለሁ እኮ" አሉ እትዬ አስካለ ከወንበራቸው። "ተወው፣ ጀምረህ አታቋርጥብኝ።"

ካሳሁን ወደ እኔ አየ። እኔ በዓይኔ ቀጥል አልኩት።

ቀጠለ። ያንን ፊልም፣ እናት ልጇን የምታጣበትን ፊልም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሳቅ ሊያስተረጉም ተነሳ። ስክሪኑ ላይ ወንበዴዎች ይማማላሉ፤ እሱ ስለ ጠፋች አህያ ይከራከራሉ አለን። ተኩስ ተሰማ።

"ምንድን ነው ተኩሱ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ሠርግ ነው፣ እትዬ። ሙሽራው ሲመጣ ይተኩሳሉ።"

"እንደ እኛው ናቸዋ" አሉ።

ከዚያ ጋሪ መጣ። ጋሪው ላይ ልጁ ተጋድሟል፤ እጁ ተንጠልጥሏል። መንደርተኛው ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። "ሰክሮ ነው" አለ ካሳሁን። "ከሠርጉ በጋሪ ጭነው አመጡት።" ሳቅን። እናትየዋ ከቤት ወጥታ እላዩ ላይ ወደቀች። ካሳሁን በቀጭን ድምፅ "ተነስ አንተ ሰካራም! አዲሱን ጫማህን ለማን ሰጥተህ መጣህ?" አለላት። ይበልጥ ሳቅን። እትዬ አስካለን ለማሳሳት ነበር የጀመርነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ማንም የማያወራው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሳቁ እውነተኛ ሆነ። የካሳሁን ቀልድ፣ የሴትዮዋ አወዳደቅ፣ ለቀናት ይዘነው የቆየነው ጭንቀት፣ ምኑ እንደሆነ እንጃ፣ ገነፈለብን። የጎን ጎረቤቴ ፋንታዬ ሻዩን ከአፍንጫዋ አወጣችው። እኔ ሆዴን ይዤ ሶፋው ላይ ተደፋሁ። የሰለሞን አልጋ ከግድግዳው ማዶ ተነጥፎ ነበር። ዛሬም ይህን ስጽፍ እጄ ፊቴን መሸፈን ያምረዋል።

እትዬ አስካለ አልሳቁም። በተሸፈነው ዓይናቸው በኩል አንገታቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ።

"ካሳሁን፣ ድምፁን ጨምርልኝ።"

ጨመረ። የሴትዮዋ ጩኸት ክፍሉን ሞላው። ለእንዲህ ያለ ጩኸት አስተርጓሚ አያስፈልግም። ሳቃችን አንድ በአንድ ጠፋ፤ የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ።

"ይቺ ሴት ጫማ አይደለም የጠፋባት" አሉ እትዬ አስካለ። ቀጥለውም ቀስ ብለው "አንተም እያለቀስክ ነው የምታወራው። ንገረኝ ካሳሁን። የሳቅ ነው የለቅሶ?" አሉት።

ማንም በዓይኑም እንኳ የሚመራው አልነበረም፤ ሁላችንም ምንጣፉን እያየን ነው። ካሳሁን በጉልበቱ ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ፤ ልክ እንደ ፊልሞቹ። ባስ ውስጥ ቢሆን ደወሉን ተጭኜ እወርድ ነበር።

"የለቅሶ ነው፣ እማዬ" አለ። "የሰለሞን ነው።"

ሽማግሌ ሳይመጣ፣ ማለዳ ሳይሆን፣ ቺፕሱና ቆሎው ሳይነሳ፣ የአንድ እናት መርዶ እንዲህ ተነገረ። አለቀሱ። ካሳሁን ዓይናቸውን እንዳያሹ ሁለት እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ አብሯቸው ጮኸ። ለምርመራ ስንመለስ ሐኪሙን ዕንባው ጎድቷቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። ግራ ገብቶት አየኝና ዕንባ ምንም እንደማያደርግ፣ የፈለጉትን ያህል ማልቀስ እንደሚችሉ ነገረኝ። ይህን ለእትዬ አስካለ ማስተርጎም ነበረብኝ፤ አስተረጎምኩ። "እንዲያ ነው?" አሉኝ።

ከሐዘኑ በኋላ አልተጣሉንም፤ ቢጣሉን ይሻል ነበር። ምግብ ይዤ ስሄድ በር ላይ ይቀበሉኛል፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቃሉ። "ግቢ" ግን አይሉም። ፋንታዬንም፣ ሌሎቹንም ያው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሚገባው ካሳሁን ብቻ ሆነ። ልብስ ላጥብ ስወርድ በኮሪደሩ አልፋለሁ፤ ወንበዴውን በወፍራም፣ ዘፋኟን በቀጭን ሲያስተረጉም ይሰማኛል። ከጊዜ በኋላ የእሳቸው ሳቅም ይሰማኝ ጀመር። የዚያን ጊዜ የልብስ ቅርጫቴን እንደያዝኩ ቆሜ ሳዳምጥ ቆይቼ፣ የሰው እግር ስሰማ በጥድፊያ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ አገኘሁት። ካሴት በብብቱ ይዟል።

"ዛሬስ ምንድን ነው?" አልኩት።

"የሽጉጥ። ለምን አትመጪም?"

"አፍሬ ነዋ። ምን ብዬ እገባለሁ?"

ከልቡ ገረመው። "ፊልም ላይ ያፈረ ሰው በር ያንኳኳል" አለኝ። "እናንተ ስታፍሩ ለምንድን ነው የምትሸሹት?"

ሊፍቱ ተከፈተና ወረደ። ሊፍት ውስጥ ሌላ ሰው ነበር፤ ጮክ ብሎ ማውራቱ አሳፍሮኝ ነበር።

እንግዲህ ያ ሰው ነው የሞተው። ጋሽ ወርቁ ቤት እንደገና ተሰበሰብን። ካሳሁን ዘመድ የለውም፤ መርዶ የሚነገርለት አንድ ሰው ቢኖር እትዬ አስካለ ናቸው። አሁንስ ጊዜ ይሰጠው የሚል አልተገኘም። ጋሽ ወርቁ ራሳቸው አንገታቸውን ደፍተው "ነገ ማለዳ" አሉ። "እኔ አንኳኩቼ እጀምራለሁ።" ማታውን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሲነጋ ኮሪደሩ ላይ ተሰለፍን። ሁላችንም ጥቁር ለብሰናል። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን አነሱ፤ መልሰው አወረዱት። ደግመው አነሱት። በጎናቸው አልፌ አንኳኳሁ።

እትዬ አስካለ ከፈቱ። ተኝተው የቆዩ አይመስሉም። አንድ በአንድ አዩን፤ ጋሽ ወርቁን፣ ፋንታዬን፣ እኔን፣ ከኋላ የቆሙትን። አይተው ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ጀምረው ደግመው አዩን። ማንን እንደሚፈልጉ ሁላችንም ገባን።

"ካሳሁንስ?" አሉ።

ጋሽ ወርቁ እንደ ወጉ ከሩቅ ሊጀምሩ "እንግዲህ እትዬ አስካለ፣ የሰው ልጅ ሆኖ..." ሲሉ እሳቸው እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ወደ እኔ ዞሩ። የዳነው ዓይናቸው እኔ ላይ ቀረ።

"የሳቅ ነው?" አሉኝ።

ኮሪደሩ ውስጥ ሁለት በሮች ተከፍተው ሰዎች ብቅ ብለው ያዩናል። አፈርኩ። አፍሬም ተንበረከክሁ።

"የለቅሶ ነው፣ እትዬ" አልኩ። "የካሳሁን ነው።"

በሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ በሩን እስከ ግድግዳው ከፈቱትና ወደ ጎን ቆሙ።

"እንግዲያው ግቡ" አሉ።